ትንበያው ሲለዋወጥ ባሕር መግባት መቼ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ከልጆቻችን ጋር ለአራት ቀን ወደ ባሕር ዳርቻ ልንሄድ ተዘጋጅተናል። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ ያለው ትንበያ አራቱንም ቀን ዝናብ ነው አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠራራ ፀሐይ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይጠበቃል ይላል። የባለቤቴ ስልክ ሌላ ነገር ያሳያል። የትኛውን እንመን? ጉዞውን እንሰርዝ? ከሄድንስ ውሃ ውስጥ መግባት አደገኛ የሚሆነው መቼ ነው?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄ ብጀምር ይሻላል፤ የሌሎቹ መልስ የሚመጣው ከእሱ ነውና። ዝናብ ሲጥል ሰው ራሱ ከውሃው ይሸሻል። አደጋ በብዛት የሚደርሰው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው በሰው ተሞልቶ፣ ሁሉም «ዛሬማ እንዴት ያምራል» ባለበት ቀን ነው። ሰማዩ ሰላም ሆኖ ሳለ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በነበረ ወጀብ የተነሣ ሞገድ ዳርቻው ላይ ሊደርስ ይችላል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስም ዳር ያለውን ውሃ ጸጥ አድርጎ ያስተኛውና ልጅ የተኛበትን የሚነፋ ፍራሽ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እርስዎን ያስጨነቀዎት የፀሐይና የዝናብ ሥዕል ስለ ባሕሩ የሚነግርዎ በጣም ጥቂት ነው። መታየት ያለበት የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የሞገዱ ከፍታና በሞገዶቹ መካከል ያለው ሰከንድ፣ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት (ውሃው በየቀኑ ከፍ ብሎ ወደ ዳር የሚመጣበትና ዝቅ ብሎ የሚመለስበት)፣ እንዲሁም ነጎድጓዱ የሚጠበቅበት ሰዓት ነው። ወደ እያንዳንዳቸው እመጣለሁ። አስቀድሞ ግን ትንበያው ለምን እንደሚዋዥቅ ላስረዳ፤ ይህን ያወቀ ሰው በየማለዳው ስልኩ ላይ አይጨነቅም።

የትንበያ መነሻ የአሁኑ ሁኔታ ነው። ከምድር ጣቢያ፣ ከሳተላይት፣ ከራዳር፣ ከአውሮፕላን፣ ከመርከብና ባሕር ላይ ከሚንሳፈፉ መለኪያዎች የተሰበሰበው ልኬት ወደ ኮምፒውተር ሞዴል ይገባል፤ ሞዴሉም በፊዚክስ ሕግ እያሰላ ወደፊት ያራምደዋል። ታላላቆቹ የዓለም ሞዴሎች ይህን ሥራ በቀን አራት ጊዜ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በአዲስ ልኬት ከመጀመሪያው ይሠሩታል። ስልክዎ ጠዋትና ማታ የተለያየ ነገር ቢነግርዎ ትንበያው ተበላሽቶ ሳይሆን አዲስ ልኬት ገብቶ ነው። ሆኖም ልኬቱ የቱንም ያህል ቢበዛ እያንዳንዱን የከባቢ አየር ጥግ አይደርስም። አሜሪካዊው የሚቲዎሮሎጂ ሳይንቲስት ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ መነሻው ላይ ያለች ከቁጥር የማትገባ ልዩነት እያደር አድጋ ፍጹም የተለየ ውጤት ታመጣለች።

ባለሙያዎች ይህን እርግጠኛ አለመሆን የሚለኩት ስሌቱን ደጋግመው በመሥራት ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ለምሳሌ መነሻውን በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጠ 50 ጎን ለጎን የሚሄዱ ትንበያዎችን ያወጣል። ከ50ዎቹ 46ቱ ዝናብ ካሉ ነገሩ የጠነከረ ነው። 26ቱ ዝናብ፣ 24ቱ ፀሐይ ካሉ ግን ያ ቀን ገና አልለየለትም ማለት ነው። አፑ ግን «አልለየለትም» የሚል ሥዕል የለውምና አንዱን መርጦ ይለጥፋል። በቀጣዩ ስሌት ቁጥሩ 24 ለ26 ሲሆን ሥዕሉ ከደመና ወደ ፀሐይ ይገለበጣል። ከባቢ አየሩ ላይ የተለወጠው ነገር ኢምንት ነው፤ ስልኩ ላይ ግን ሰማይና ምድር ይመስላል። የእርስዎም ሁኔታ የዚህ ዓይነት ይመስለኛል። እንግዲህ መገለባበጡ ራሱ መረጃ ነው፤ ትንበያው በተከታታይ ሦስትና አራት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገር ማመን ይጀምሩ፣ ሲገለባበጥ ለሁለቱም ይዘጋጁ።

የቀን ርቀትም ወሳኝ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር እንደሚገልጸው የአምስት ቀን ትንበያ ከመቶ 90 ያህል ጊዜ ይሠምራል፤ የሰባት ቀኑ ከመቶ 80 ያህል፤ ከአሥር ቀን በላይ ያለው ግን ግማሹን ጊዜ ያህል ብቻ። ይህም ለሰፊው የአየር ሁኔታ ነው። አንድ ነጎድጓዳማ ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በዚያች ዳርቻ ላይ በዚህ ሰዓት ይዘንባል ብሎ ከቀናት በፊት መናገር አይቻልም፤ «ከሰዓት በኋላ በአካባቢው ነጎድጓድ የሚያስነሣ አየር ይኖራል» ማለት ግን ይቻላል። ትንበያው የሚነግርዎትም ይህንኑ ነው።

የሁለቱ ስልኮች ልዩነት ምክንያቱ ሌላ ነው። አፖች የተለያየ ሞዴል ይጠቀማሉ፤ ሞዴሎቹም ምድርን በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ይከፋፍሏታል። የዓለም አቀፎቹ ሳጥን በአንድ ጎኑ 9 ወይም 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አንዱ ሳጥን ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ የብስ ይሆናል፤ የአንዱ ስልክ ቁጥር ከባሕር፣ የሌላው ከኮረብታው ጀርባ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለከተማው የወጣውን ትንበያ ትተው የአገሩ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ለባሕርና ለጠረፍ የሚያወጣውን ያንብቡ። እሱን የአካባቢውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያየዋል፤ ነፋስንና ሞገድንም ለይቶ ይጽፋል። «የዝናብ ዕድል 40 በመቶ» የሚለውም በብዙዎች ዘንድ ሲሳት አያለሁ። ከቀኑ 40 በመቶው ይዘንባል ማለት አይደለም፣ ከአካባቢውም 40 በመቶው ይረጥባል ማለት አይደለም። ይህን የመሰሉ አሥር ቀኖች ቢኖሩ በአራቱ እርስዎ የቆሙበት ቦታ ላይ ዝናብ ይጥላል ማለት ነው። ስንት ሚሊ ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን አይናገርም።

ጉዞውን እንሰርዝ ወይ ላሉት፦ በዚህ መረጃ አልሰርዝም። የሚሰረዘው የሚቲዎሮሎጂ ተቋሙ የብርቱ ነፋስ፣ የወጀብ ወይም የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ነው። ማስጠንቀቂያ በሥዕል አይተረጎምም፤ ጽሑፉን ሙሉውን ያንብቡ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጸናም ይመልከቱ። ሌላው ሁሉ የቀኑን መርሐ ግብር በማስተካከል የሚፈታ ነው።

አሁን ወደ ከሰዓቱ ነጎድጓድ። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ይሞቃል። በየብሱ ላይ ያለው የሞቀ አየር ይነሣል፤ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለው አየር ሊተካው ይገባል። ይህ የባሕር ነፋስ ብዙ ጊዜ ረፋዱ ላይ ይጀምርና ከቀትር በኋላ ይበረታል። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ከፊቱ ያለውን የሞቀና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደመናው የሚቆለለው እዚያ ነው። ሌሊት ነገሩ ይገለበጥና ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይሆናል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ድምዳሜ ግልጽ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በሚጠበቅባቸው ቀኖች የውሃ ሰዓታችሁ ጠዋት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ከውሃ ውጭ የሚሠራ ነገር ያቅዱ። ጠዋት ውሃውም ብዙ ጊዜ ይበልጥ የረጋ ነው።

ዓይንዎ ግን ወደ ባሕሩ ብቻ እንዳይሆን። ነጎድጓዱ ከጀርባ፣ ከየብሱ በኩል ሊመጣ ይችላል። አናቱ እንደ አበባ ጎመን እየተቆለለ ሽቅብ የሚያድግ፣ ሥሩ የጠቆረ ደመና ሲያዩ መሰብሰብ ይጀምሩ። በሞቃት ቀን መሀል ድንገት የሚመታ ቀዝቃዛ ነፋስ ከደመናው የወረደ አየር ነው፤ ዝናቡና መብረቁ ከኋላው እየመጡ ነው ማለት ነው። መብረቅ ዝናቡ ካለበት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ «ገና እኛ ጋ አልደረሰም» የሚለው ሐሳብ ሰው ይገድላል። ነጎድጓድ ከሰሙ መብረቁ ሊደርስብዎ በሚችልበት ርቀት ላይ ነዎት፤ ልጆቹን ወዲያው ያውጡ። ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሆኖም ቁጥሩ ትልቅ ሆነ ብለው አይቆዩ፤ ቀጣዩ የት እንደሚወድቅ ቆጠራው አይነግርዎትም። ዳርቻ ላይ ደግሞ የሞገዱ ጩኸት ነጎድጓዱን ስለሚውጠው ብልጭታ ማየት ብቻውን ለመውጣት ይበቃል።

መጠለያ የሚባለው ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ወይም የብረት ጣሪያ ያለውና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው። የፀሐይ ጃንጥላ፣ ድንኳን፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ዳስና ብቻውን የቆመ ዛፍ መጠለያ አይደሉም። ጃንጥላውን ለማጠፍ አይዘግዩ፤ ትታችሁት ሂዱ። ወደ ውሃው የሚመለሱት የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሲሞላ ነው፤ በመሀል አንድ ጊዜ ከተሰማ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። መብረቅ የመታው ሰው አካሉ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ሳይፈሩ ነክተው ሊረዱት ይችላሉ።

ቀጥሎ ነፋስ። የባሕር ትንበያ ነፋስን የሚለካው በኖት ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕሩ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ብቅ ሲል ነፋሱ ከ7 እስከ 10 ኖት ያህል ነው፤ ነጩ ሲበዛ ከ11 እስከ 16 ደርሷል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ የምመክረው ወሰን ይህ ነው፦ ከ10 ኖት በታች ምቹ፤ ከ10 እስከ 15 ልጆች ከጉልበት በላይ እንዳይገቡ፤ ከ20 በላይ ማንም አይዋኝ። ትንበያው የሚሰጠው አማካይ መሆኑን አይርሱ፤ ድንገተኛው ግፊት ከአማካዩ በሲሶና ከዚያም በላይ ይበልጣል።

ከፍጥነቱ ይልቅ ግን አቅጣጫው ያሳስበኛል። ትንበያ ነፋስን የሚጠራው በመጣበት በኩል ነው፤ «ምሥራቃዊ» ማለት ከምሥራቅ የሚመጣ ነው። ፊትዎን ወደ ባሕሩ አዙረው ይቁሙ። ነፋሱ ጀርባዎን ከመታዎት ከየብስ ወደ ባሕር እየነፈሰ ነው። ይህ አታላዩ ነፋስ ነው። ዳር ላይ ውሃው እንደ ሐይቅ ይረጋል፤ ምክንያቱም የብሱ ይከልለዋል። ሃምሳና መቶ ሜትር ሲገቡ ግን ነፋሱ በሙሉ ኃይሉ ያገኝዎታል። የሚነፋ ፍራሽ፣ ጎማና አሻንጉሊት ጀልባ በዚህ ነፋስ ዋናተኛ ከሚደርስበት ፍጥነት በላይ ይሄዳል። እነዚህ ዕቃዎች ለመዋኛ ገንዳ የተሠሩ ናቸው፤ ለባሕር አይያዙ። ኳስ ከተወሰደ ይሂድ፤ ኳስ ተከትሎ መዋኘት ሕይወት ያስከፍላል። ሰው ራሱ ተንሳፋፊ ላይ ሆኖ ከተወሰደ ግን እንዳይለቀው ጮኸው ይንገሩት፤ ይዞት ከቆየ ፈላጊ ያየዋል፣ ከለቀቀው አንድ ራስ ብቻ ውሃ ላይ መፈለግ እጅግ ከባድ ነው።

የሞገድ ትንበያ ሁለት ቁጥር አለው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያነባል። ከፍታው ከሁሉም ሞገዶች ትልልቆቹ የሆኑት የአንድ ሦስተኛዎቹ አማካይ ነው። «1 ሜትር» ሲል አልፎ አልፎ የሁለት ሜትር ሞገድም ይመጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ ያለው ሰከንድ ነው። አምስትና ስድስት ሰከንድ ከሆነ በቅርብ ነፋስ የተነሣ ሞገድ ነው። ከአሥር በላይ ሲሆን ከሩቅ ወጀብ የመጣ፣ ጥልቅና ጉልበተኛ ሞገድ ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ ጉልበቱን በግምት ለማስላት ከፍታውን በራሱ ያባዙ፣ በሰከንዱ ያባዙ፣ ለሁለት ያካፍሉ፤ የሚያገኙት በአንድ ሜትር ስፋት የሚመጣው ኪሎዋት ነው። 1 ሜትር በ6 ሰከንድ 3 ኪሎዋት ይሆናል። 2 ሜትር በ12 ሰከንድ 24 ኪሎዋት። ከፍታውና ሰከንዱ እጥፍ ብቻ ሆነው ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ሆኗል። የስልክዎ ሥዕል ግን በሁለቱም ቀን ያችው ፀሐይ ናት።

ከሩቅ የመጣው ሞገድ ሌላም ጠባይ አለው፤ በቡድን በቡድን ነው የሚደርሰው። ለብዙ ደቂቃ ጸጥ ይልና አራት አምስት ትልልቆች ተከታትለው ይመጣሉ። በመሀል የደረሰ ሰው ባሕሩ የረጋ ይመስለዋል። ስለዚህ ልብስ ሳያወልቁ፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆነው ቢያንስ 15 ደቂቃ ባሕሩን ይመልከቱ። ዐለት ላይ ለመቆም ካሰቡ ደግሞ የበለጠ ይታገሡ፤ ዐለቱ ከእግርዎ በላይ ርጥብ ከሆነ ሞገዱ እዚያ ደርሷል፣ ይመለሳልም። ዳርቻው ቁልቁል ከሆነና ሞገዱ በአንድ ጊዜ አሸዋው ላይ የሚፈርጥ ከሆነ ደግሞ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ ሰውን ገልብጦ አንገቱን ሊሰብረው ይችላል። እንዲህ ባለ ዳርቻ ልጅ አይጫወትም፤ ለሞገዱ ጀርባ መስጠትም የለም።

አሁን ከሁሉም በላይ ሊያውቁት የሚገባው፦ ሪፕ ከረንት የሚባለው ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት። ሞገድ ውሃ ወደ ዳር ያመጣል፤ ያ ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። ከአሸዋው ጉብታዎች መካከል ጎድጎድ ያለ መተላለፊያ ሲያገኝ በዚያ ተሰብስቦ እንደ ወንዝ ወደ ባሕር ይፈሳል። ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.3 እስከ 0.6 ሜትር ነው፤ 2.5 ሜትር የደረሰም ተለክቷል፤ ይህ ከኦሎምፒክ ዋናተኛ ይፈጥናል። ወደ ታች አይስብም፤ ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚወስደው። የሚያሰጥመው ሰውየው ወደ ዳር ለመመለስ ከጅረቱ ጋር ሲታገል የሚደርስበት ድካምና ድንጋጤ ነው።

የሚያሳዝነው ነገር ላላወቀው ሰው ይህ ቦታ ከዳርቻው ሁሉ የተሻለ መግቢያ መስሎ መታየቱ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ሞገድ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ይሠራል፤ መሀሉ ግን ጠቆር ያለና ሞገድ የማይሰበርበት ሆኖ «እዚህ ይረጋል» ያሰኛል። ጠቆር ያለው ጥልቅ ስለሆነ ነው፤ ሞገድ የማይሰበርበትም ለዚያው ነው። ሌሎች ምልክቶች፦ ወደ ባሕር የሚሄድ የአረፋ ወይም የባሕር አረም መሥመር፣ ከዙሪያው የደፈረሰ አሸዋማ ውሃ፣ የሚንቀጠቀጥ የውሃ ገጽ። ከግንብና ከዐለት ጎንም ይፈጠራል። ውሃው ሲሸሽ በብዙ ዳርቻ ይበረታል፤ ከወጀብ በኋላ ደግሞ አሸዋው ቦታውን ስለሚቀያይር ትናንት ደኅና የነበረው ቦታ ዛሬ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል።

ከተያዙ መጀመሪያ በጀርባዎ ይንሳፈፉና ትንፋሽዎን ያረጋጉ፤ አንድ እጅ ከፍ አድርገው እያወዛወዙ ይጩኹ። ፊት ለፊት ወደ ዳር አይዋኙ። መዋኘት ከቻሉ ከዳርቻው ጎን ለጎን፣ ነጭ አረፋ ወደሚታይበት ይዋኙ፤ ሞገድ በሚሰበርበት ጥልቀቱ ያነሰ ነው፣ ሞገዱም ይገፋዎታል። ካልገፋዎት ሌላውን ጎን ይሞክሩ። አቅም ካጡ መንሳፈፉን ይቀጥሉ፤ ጅረቱ አብዛኛውን ጊዜ ሞገዱ ከሚሰበርበት አልፎ ይደክማል፣ አንዳንዴም ክብ ሠርቶ ወደ ዳር ይመልሳል።

ስለ ባሕሩ ሙላትና ሽሽት ባጭሩ። በአብዛኛው ጠረፍ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፣ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትሆን በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ይሰፋል። ውሃው የሚሞላው እኩል በእኩል አይደለም፦ ልዩነቱን ለ12 ቢከፍሉት በመጀመሪያው ሰዓት አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ እጅ ይጨምራል። ልዩነቱ 4 ሜትር በሆነበት ጠረፍ በመካከለኞቹ ሰዓቶች በየሰዓቱ አንድ ሜትር ይነሣል። በገደልና በባሕር መካከል ባለ ቀጭን አሸዋ የሚራመድ ሰው የሚከበበው በዚህ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሚኬደው ውሃው እየሸሸ ሳለ ነው፣ መመለሻውም ሽሽቱ ከማብቃቱ በፊት ይሁን። የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል ሲወርድ ባሕሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በወጀብ ቀን ውሃው የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዡ ከሚለው በላይ ይመጣል። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ 06:00 የንጋቱ 12 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የስድስት ሰዓት ስሕተት ሽሽትን ሙላት ያደርገዋል።

ነፍስ አድን ሠራተኞች ያሉበትን ዳርቻ ይምረጡ። በብዙ አገር ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነው ባንዲራ የሚጠበቅ የመዋኛ ቦታ ነው፤ በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ይዋኙ። ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ አትግቡ፣ ሁለት ቀይ ባሕሩ ተዘግቷል፣ ሐምራዊ እንደ ጄሊፊሽ ያለ አደገኛ እንስሳ አለ ማለት ነው። ጥቁርና ነጭ የሆነው የሰሌዳ ተንሸራታቾች ክልል ነው። ሲደርሱ ጠባቂውን «ዛሬ ጅረቱ የት ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ከማንኛውም አፕ የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ቀሪዎቹን በፍጥነት ልለፍ። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ድንገት መግባት ትንፋሽ ያስጎትታል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ተንሳፍፈው ያሳልፉ፣ ዘለው አይግቡ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከወንዝ መግቢያና ከፍሳሽ ቱቦ አጠገብ ሁለት ሦስት ቀን አይዋኙ። ደመና ቢኖርም አልትራቫዮሌት ጨረር ያልፋል፤ የጨረሩ መለኪያ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መከላከያ ቅባት በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይቀቡ። ትንንሽ ልጆች እጅ ተዘርግቶ በሚደረስበት ርቀት ይሁኑ። ክንድ ላይ የሚነፋ ጎማ ዋስትና አይሆንም፤ በክብደታቸው ልክ የሆነና በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ላይፍ ጃኬት ያልብሷቸው። አንድ ትልቅ ሰው በተራ ተመድቦ፣ ስልክ አስቀምጦ ይጠብቅ፤ «ሁላችንም እያየን ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ማንም አያይም።

ይህን የምለው የሚሰጥም ሰው ስለማይጮህ ነው። አፉ ከውሃው ጋር እኩል ይሆናል፣ ራሱ ወደ ኋላ ይጋደላል፣ እጁን ለማወዛወዝ ሳይሆን ውሃውን ለመጫን ወደ ጎን ይዘረጋል። ጠርተውት ካልመለሰ ደቂቃ የለዎትም። ዘለው ግን አይግቡ፤ ሊያድን የገባ ሰው አብሮ መስጠሙ የተለመደ ነው። ነፍስ አድኑን ወይም የአካባቢውን የአደጋ ስልክ ያስጠሩ፤ ቁጥሩንና የዳርቻውን ትክክለኛ ስም ከመግባትዎ በፊት ይያዙ። የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩለት፦ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን፣ ኳስ፣ ገመድ ያለው ማንኛውም ነገር።

ሲወጣ ራሱን ከሳተና በወጉ ካልተነፈሰ በጀርባው ያስተኙት፣ አገጩን ቀና ያድርጉና አፍንጫውን ይዘው አምስት ትንፋሽ ይስጡት። በመስጠም የልብ መቆም የሚመጣው ከኦክስጅን እጦት ስለሆነ ትንፋሹ ይቀድማል። ከዚያ ደረቱ መሀል ላይ 30 ጊዜ ይጫኑ፣ 2 ትንፋሽ ይስጡ፣ እንዲሁ ይቀጥሉ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ለልጅ የደረቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ። ከአፉ አረፋ ቢወጣ ለመጥረግ አያቁሙ። ሆዱን ጨምቀው ውሃ ለማውጣትም አይሞክሩ፤ ጊዜ ያባክናል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባ ይገባል። ነቅቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ ውሃ የገባው ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ሊያስቸግር ይችላል።